ቀድሞም ያማት ነበር

ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ በዕውቀቴ ላይ ድርሻ አለኝ የሚል እንዳይነሳ ነው። ሰበታ፣ ከጅማው መንገድ ዝቅ ብላ ያለችው ቤታችን ንፋስ እንዳታስገባ ግድግዳዋ በአሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎ ነበር። እኔም ከወለሉ ጀምሬ፣ ቁመቴ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ እያነበብኩ አደግኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስቀጠር ከፈረቃችን ሴቶች ውስጥ ስሟን ጽፋ የምትፈርም እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይጫኑ ነበር። ታዲያ ይህን ደብቄ መኖር አልሆነልኝም።

ስሜ ወርቅቱ ነው። ታላቄ ድንቅቱ ትባላለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ እናታችንንም እኔንም ያኖረችን እሷ ናት። እሷ ሽመና ማሽን ላይ ትሠራለች፣ እኔ ክር መጠቅለያ ክፍል። ሁለታችንንም ያስቀጠሩን የፋብሪካው የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊ አቶ ዓባይነህ ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ክርስትና ያነሱኝ እናቴ ስለሆኑ እናታችን አቶ ዓባይነህን «አበልጄ» ትላቸዋለች፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ፋሲካ የሚገደፈው በእኛ ቤት ከሆነ ገና የሚውለው በእነሱ ቤት ነው። በቤታችን ከእግዜርና ከአባታችን ነፍስ ቀጥሎ የሚማልበት የእሳቸው ስም ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ኢንሹራንስ ገባ ተባለና ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። በምሳ ሰዓት ብወጣ ሴቶቹ ከበው ያዩታል። ያዩታል እንጂ አያነቡትም።

«ወርቅቱ፣ ነይ እስቲ አንብቢልን» አለች የሺወርቅ፣ ከሽመና ክፍል ቀልደኛዋ። «ኩራቱን ግን ተይልን።»

«ኩራቱ በነጻ ነው፤ ካልፈለግሽ አትውሰጂው» አልኩና ወደ ፊት አለፍኩ። አንብቤ ስጨርስ በየተራ አስረዳኋቸው። «ይኸኛው የሥራ አደጋ ይባላል። ፋብሪካ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት፣ ማሽን ወይ ሌላ ነገር ድንገት ከጎዳሽ የሆስፒታሉንም የመድኃኒቱንም ኢንሹራንሱ ይችላል። አካል ከጎደለም ካሳ አለው። ይህ ለሁላችንም ነው።»

«እሰይ! ያኛውስ?»

«የሕይወት ነው። እሱ ስትሞቺ ለቤተሰብሽ የሚከፈል ነው፤ ያውም ለቢሮ ሰዎች ብቻ። ለአንቺ ባል ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ሚስት ማግቢያ ይሆነው ነበር።»

«እሱ መቼ እስክሞት ጠበቀኝ!» አለች የሺወርቅ፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ሦስተኛው የሕመም ነው። እሱም ለኃላፊዎቹ ነው። እኛን ጨጓራ ቢያመን፣ ወባ ቢይዘን ያው የፋብሪካው ክሊኒክ ነው፤ ሁለት አስፕሪንና ‹በርቺ›።»

«የጥጡ ብናኝ የሚያስለንስ?» አለች አንዷ ደረቷን ይዛ። «ሳሉ ከሥራው አይደል የመጣ?»

«አንቺ ከሥራው ነው ትያለሽ፤ እነሱ ሕመም ነው ይሉሻል። በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ ሰው እያየ ካልደረሰብሽ አደጋ አያደርጉልሽም። ቀስ ብሎ የሚገድል ነገር አይቆጠርም።»

«እንግዲያ የኛ እድር ይሻላል።»

«እድር የሚወድሽ ከሞትሽ በኋላ ነው። በቁምሽ አልጋ ብትይዢ ድንኳኑን ለሌላ ያከራየዋል።»

ስዞር ጋሼ ዓባይነህ ከኋላ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «እኔ ጸሐፊው እንኳ እንዲህ አላስረዳቸውም ነበር» አሉና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጠቀለልኩት ክር አንድም አልተበጠሰብኝም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሽመናው ክፍል ጩኸት ሰማሁ። የሽመና ማሽን መወርወሪያ አለው፤ ጫፉ በብረት የሾለ፣ ክር ይዞ ከወዲያ ወዲህ እንደ ጥይት የሚሮጥ እንጨት ነው። ከመስመሩ ቢወጣ ሰው እንዳይመታ ከፊቱ መከላከያ ብረት ይደረግበታል። ያ ብረት ግን ክር ሲበጠስ ለመቀጠል ጊዜ ይፈጃል ተብሎ፣ የፈረቃው አለቃ ወንዳፍራሽ ከየማሽኑ ላይ አውልቆት ነበር። ያን ጠዋት የድንቅቱ መወርወሪያ ከመስመሩ ወጥቶ ግራ ዓይኗን መታት። ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። በጣቶቿ መሐል ደም ይወርዳል። «ማሽኑን አጥፉት፤ ጨርቁ ይበላሻል» ትላለች።

ክሊኒኩ በፋሻ አሰረላትና ቤት ላካት። እኔ የሮጥኩት ወደ ጋሼ ቢሮ ነው። የአደጋውን ሪፖርት ለኢንሹራንሱ የሚሞሉት እሳቸው ናቸውና።

«አትጨነቂ» አሉኝ። «ድንቅቱ ልጄ አይደለችም እንዴ? እኔ እያለሁ?»

በማግስቱ ወንዳፍራሽ ሽማግሌ ላከ። ይህ የአገር ወግ ነው፤ ሰው የጎዳ ሰው ፖሊስ ሳይደርስበት ሽማግሌ ይቀድማል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ፤ ከፉሪ መንደር የታወቁት አስታራቂ ኦቦ ቀጄላ፣ የእድራችን ዳኛና ጋሼ ዓባይነህ። ወንዳፍራሽ በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በራችን ላይ ቆመ። የአራት ልጆች አባት ነው። እናቴ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። ድንቅቱ እንደ ወጉ «ያገኘኝ ከእግዜር ነው እንጂ ከሰው አይደለም፤ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችውና ድንጋዩን አወረዱለት።

«ይጻፍ» አሉ ጋሼ። «ነገ ሌላ ሰው ተነስቶ ፖሊስ ጋ እንዳያስኬደው። ወርቅቱ ትጻፈው፤ ከእሷ የተሻለ እጅ ያለው ሰው ሰበታ ውስጥ አላውቅም።»

ብዕሬን አመጣሁ። ሳልለመን አመጣሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የእርቁን ቀን፣ የሽማግሌዎቹን ስም፣ «ከእግዚአብሔር እንጂ ከሰው አይደለም» የሚለውን ጻፍኩ። ቀጥለው «ዓይኗን ቀድሞም ያማት ነበር» አሉ።

እጄ ቆመ። «ጋሼ፣ መቼ ነው ያማት?»

ሳቁ። የፈገግታቸው ደግነት እስከ ዛሬ ያናድደኛል። «ልጄ፣ በእርቅ ጊዜ ጥፋተኛውን ራቁቱን አያስነሱትም። ትንሽ መሸፈኛ ይጣልለታል። እኛ ስናስታርቅ የኖርነው እንዲህ ነው።»

«ዱጋ ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሉ ኦቦ ቀጄላ፤ እውነት ነው ልጄ ማለታቸው ነው። «በሬ ሰው ሲወጋ እንኳ ‹ሰውየው ቀድሞም ጎኑን ያመው ነበር› እንላለን። የበሬው ባለቤትና የሰውየው ልጆች ነገ በአንድ ውኃ ነው ከብት የሚያጠጡት።»

«ወረቀቱስ?» አልኩ።

«ከሽማግሌ እጅ አይወጣም» አሉ ጋሼ። «እኔ ዘንድ ይቀመጣል።»

ድንቅቱም በፋሻዋ ስር «ጻፊው፣ ወርቄ፤ ነገ አለቃዬ እኮ ነው» አለችኝ።

እኔ ነኝ እንግዲህ፣ በፋብሪካው በር ላይ ቆሜ አደጋና ሕመም አንድ እንዳልሆኑ ለመቶ ሴት ያስረዳሁት። ግን የሽማግሌ ወረቀትና የኢንሹራንስ ወረቀት በአንድ መንገድ ይገናኛሉ ብዬ አላሰብኩም። አንዱ የይሉኝታ ነው፣ አንዱ የሕግ። ጻፍኩት። በቀይ ቀለም ሳይቀር ርእስ አወጣሁለት። ሽማግሌዎቹም ድንቅቱም ጣታቸውን ጫኑ፣ ጋሼ ፈረሙ፤ እኔ ከግርጌው «ጸሐፊ ወርቅቱ ነገሳ» ብዬ ፈረምኩ።

ዓይኑ ግን አልተሻለም። በሁለተኛው ሳምንት ደህነኛውም መቅላትና ብርሃን መፍራት ጀመረ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድኳት። ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ የነገረን አጭር ነው፤ የተመታው ዓይን ሞቷል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ካልወጣ ደህነኛውን ይዞት ይሄዳል። አልጋ የሚሰጣት ወይ ገንዘብ ሲያዝ ወይ የኢንሹራንሱ የዋስትና ደብዳቤ ሲመጣ ነው።

«ኢንሹራንስ አላት» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ድንቅቱን ከመንገድ ዳር ጥላ ስር አስቀምጬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ።

የኢንሹራንሱ ቢሮ ውስጥ የተቀበለኝ ከድሩ የሚባል ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ስሟን ስነግረው ፋይሉን አወጣና አገላበጠ።

«እኅትሽ የሥራ አደጋ የላትም» አለኝ።

«ዓይኗን ያየ ሰው እንዲህ አይልም።»

«እኔ ዓይኗን አላይም፤ የማየው ሪፖርቱን ነው። ፋብሪካው የላከው ‹ቀድሞ የነበረ የዓይን ሕመም፤ በሥራ ላይ ባሰባት› ይላል። የእናንተ ውል የሥራ አደጋ ብቻ ነው። ቀድሞ የነበረን ሕመም አይሸፍንም። የሕመም ውል ለሸማኔዎች አልተገባም።»

«ውሸት ነው! ማን አለ?»

ፋይሉን ወደ እኔ አዞረው። ከሪፖርቱ ጋር በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ወረቀት አለ። ርእሱ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» አለኝ።

«የእኔ።»

«ቆንጆ ጽሕፈት ነው» አለ። ሊያላግጥብኝ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው።

የእርቁን ወግ አስረዳሁት። ገባው። እሱም የሀገር ልጅ ነው፤ በእነሱ ዘንድም ሽማግሌ እንዲህ እንደሚል ነገረኝ። «ግን እኔ ወግን ፋይል ውስጥ ማስገባት አልችልም» አለ። «አቤቱታ ጻፊ። መርማሪ ወደ ፋብሪካው እንልካለን፣ ምስክር ይሰማል፣ ማሽኑ ይታያል። ታሸንፉ ይሆናል።»

«መቼ?»

«ከሁለት ወር አያልፍም።»

«ሐኪሙ አሥር ቀን ነው የሰጠን።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያ ሪፖርቱን የላከው ሰው ራሱ መሳሳቱን ይመን። ‹ተሳስቼ ነው፤ አደጋ ነው› ብሎ አንድ መስመር ይጻፍ። የዋስትናውን ደብዳቤ በዚያው ቀን እሰጥሻለሁ።»

አቤቱታውን እዚያው ቁጭ ብዬ ጽፌ ሰጠሁትና በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋሼ ቢሮ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ እስከ በሩ ድረስ ስህተት ነው ብዬ አምን ነበር። ሌላ ሰው ከመሳቢያቸው ሰርቆ የላከው መስሎኝ ነበር።

«በሩን ዝጊው» አሉኝ ገና ሲያዩኝ። ያኔ አወቅኩ።

የሐኪሙን አሥር ቀንና የአቤቱታዬን ሁለት ወር ነገርኳቸውና «ጋሼ፣ ያ ወረቀት ከእጅዎ አይወጣም ብለው ነበር» አልኩ።

«ብዬ ነበር።»

«ማን ወሰደብዎት?»

ማኅተማቸውን አንስተው አስቀመጡ። «ማንም አልወሰደብኝም። ስሚኝ ወርቅቱ፣ አንቺ ብልህ ልጅ ነሽ። አደጋ ነው ብዬ ብጽፍ መርማሪ ይመጣል። መርማሪው ሲመጣ ብረቱ የወለቀው ከድንቅቱ ማሽን ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያያል። ወንዳፍራሽ በራሱ ያወለቀው ይመስልሻል? ማናጀሩ ነው ያዘዘው። ‹ይህ ነገር ኢንሹራንስ ጋ እንዳይደርስ› አለኝ። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ።»

«ስለዚህ ሽምግልናው...»

«ሽምግልናው እውነተኛ ነው! ወንዳፍራሽን ከእስር አላዳንነውም?»

«እኔን ያጻፉኝስ ለምንድነው? ቢሮዎ ውስጥ ጸሐፊ ሞልቶ የለም?»

ማኅተሙን ዳግም አነሱት። እኔው መለስኩላቸው።

«ሌላ ሰው ቢጽፈው አነበው ነበር። አንብቤም አልለቅዎትም ነበር። የራሴን ጽሕፈት ግን ምን ብዬ እጠረጥረዋለሁ? ይህን አስበው ነው።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሰው ሲያፍር አይቼ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን የተቸገሩ እንጂ ያፈሩ አይመስሉም ነበር። «የሆስፒታሉን እኔ እከፍላለሁ» አሉ። «ከኪሴ። ነገ ማለዳ። አንቺም አቤቱታውን ታነሻለሽ።»

ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል። ስንት ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ «አንተ ከሃዲ» ብዬ ልጀምር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ጋሼ፣ እርስዎ ምጽዋት እንዲሰጡን አልመጣሁም፤ የእኅቴን የራሷን ነው የምፈልገው» የሚል ነው። ያን ቀን እንኳ አክብሮቱ ከአፌ አልወልቅ አለ። በሩን ግን ክፍት ትቼው ወጣሁ።

ኦቦ ቀጄላን ፍለጋ በእግሬ ፉሪ ወጣሁ። የሆነውን ስነግራቸው አውራ ጣታቸውን ዘርግተው፣ የሌላ ሰው ጣት ይመስል፣ አገላብጠው አዩት።

«ኢንተላ ኮ፣ ይህ ሰው ጣቴን ሰረቀኝ» አሉ። «ስንት ዓመት አስታረቅኩ፤ ቃሌን ለገበያ ያወጣብኝ ሰው የለም።»

እለቱን ከእኔ ጋር በአውቶቡስ ከድሩ ዘንድ ሄዱ። በፈረንጅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው እያጋጩ፣ ዋቃን፣ ፈጣሪያቸውን፣ ምስክር ጠርተው ተናገሩ። ከድሩ ሁሉንም ጻፈው፤ አንብቦም ጣታቸውን ሊያስጭናቸው ቀለሙን ሲያቀርብ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱት።

«አልጫንም» አሉ። «በአፌ ብያለሁ። ይበቃል።»

ከድሩ «ያለ ጣት ፋይል ውስጥ አይገባም» ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ እሳቸው። አላስገደድኳቸውም፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አልጫንም ነበር።

ቤት ስደርስ ድንቅቱ በሩን ዘግታ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ ጨለማው ውስጥ ተቀምጣለች። ደህነኛው ዓይን ብርሃን አልችል ብሏታል። ሁሉንም ነገርኳት። እምቢታዬ ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«እምቢ አልሻቸው?» አለች።

«እምቢ አልኩ! ከኪሳቸው! ለማኝ ነን እንዴ?»

«በማን ዓይን ነው እምቢ ያልሽው?»

ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ወርቄ፣ አንቺ በደብዳቤ እስክትረቺ ልጠብቅ? ሁለት ወር? እኔ ጠዋት ተነስቼ የሰው ፊት ማየት ነው የምፈልገው። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሆነ ዓይኔ አይጠይቅም።»

«እሳቸው እኮ ናቸው የከዱን!»

«አውቃለሁ። አንቺ ደግሞ እንዳትከጂኝ።»

እናቴ ጥግ ላይ ሆና «አበልጄ እንዲህ አያደርግም፤ አሳስተውት ነው» ትላለች፤ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስም ይህንኑ አለች። እኔ ግን ያን ምሽት የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። ጋሼ ያሸነፉኝ በገንዘባቸው አይደለም። እኛ ጋ አሥር ቀን ብቻ እንዳለ፣ ሕግ ጋ ደግሞ ሁለት ወር እንዳለ ያውቁ ነበር። በመሐሉ ያለውን ክፍተት ነው የገዙት።

በማግስቱ ወደ ፒያሳ ሄጄ አቤቱታዬን አነሳሁ። ማንሻውን ጽፌ ስሰጠው ከድሩ ሳያነብ ፋይሉ ውስጥ ከተተውና «እኅትሽን እግዜር ይማርልሽ» አለ።

ጋሼ ከፈሉ፤ ግራ ዓይኗ ወጣ። ቀኙ ተረፈ። ሆስፒታሉ ለሦስት ሳምንት ሲያክማት ጋሼ ሁለት ጊዜ መጥተው ጠየቋት፤ ብርቱካን ይዘው። እኔ ሲመጡ ኮሪደር እወጣለሁ፤ ሲሄዱ እገባለሁ። ነርሶቹ አባታችሁ ደግ ሰው ናቸው ይሉኛል።

ፋብሪካው ድንቅቱን ወደ ሽመና አልመለሳትም፤ ጓሮ ጥጥ ስትጠርግ እንድትውል ተደረገ። የሺወርቅ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ማስታወቂያው ስር ጠብቃ «ወርቅቱ፣ እስቲ የኢንሹራንሱን ዓይነት ድጋሚ አስረጅን፤ የቱ ነበር ለዓይን የሚሆነው?» አለችኝ። ልትነካኝ ነው የመሰለኝ፤ ፊቷን ሳየው ግን የምሯን ነበር። ሁሉንም እንደገና ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ጨመርኩ። «ሰው ሲጎዳችሁ ይቅር በሉ። ነገር ግን የአደጋው ሪፖርት ተልኮ ማረጋገጫው እጃችሁ ሳይገባ ‹ከእግዜር ነው› አትበሉ። እግዜር አይቸኩልም።» ማንም አልሳቀም።

ጥር ላይ፣ ለጊዮርጊስ፣ ድንቅቱ ጋሼን ማመስገን አለብኝ አለች። ብቻዋን ልትሄድ አይገባም ነበር። እስከ አጥራቸው ሸኘኋትና ውጭ ቀረሁ። በአጥሩ ክፍተት አየኋት፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም አነሷት፣ ግንባሯን ሳሟት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እውነተኛ እንባ ይመስለኛል። ይህንን ነው እስከ ዛሬ ያልተረዳሁት።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ እኔን አይተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። «ምነው ልጄ? ግቢ እንጂ፤ ምን ይሉታል ውጭ መቆም?»

«እርስዎን እዚሁ ልሳምዎት፣ እናቴ» አልኳቸውና ሳምኳቸው። ምን እንደሆነ ያውቁ እንደሆን ፊታቸውን መረመርኩ። ቡናው እንዳይቀዘቅዝ የተጨነቁ ይመስል ወደ ቤት ወደ ቤት ያያሉ። አወቁም አላወቁም፣ ሁለተኛ አልለመኑኝም።

ጥቂት ቆይታ ድንቅቱ ወጣች። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ዳቦ ሰጥተዋታል። በሩ ላይ ቆማ ወዲያና ወዲህ አየች።

«ወርቄ? ወርቄ፣ ጥለሽኝ ሄድሽ?»

ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ በግራዋ ነበር የቆምኩት። ዞሬ በቀኟ በኩል ቆምኩላት።